ሽሮና ቡና በኢያሱ ዛፎች ምድር

በእኛ አገር የውሻ ቦታው ደጅ ነው። ሌባ ያባርራል፣ ጅብ ይጮህበታል፣ ከብት ይከተላል፣ የተረፈውን ይበላል፤ ሲያረጅም በሩ ሥር ተጋድሞ ያንቀላፋል። በረሃ ደግሞ መንገድ ሆኖበት የሚያቋርጠው እንጂ ሰው ለመዝናናት ፈልጎ የሚሄድበት አይደለም። ስለዚህ ተደምረው ሰባት ኪሎ የማይሞሉ ሁለት ውሾች ይዞ፣ ቦታ አስቀድሞ አስይዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ በረሃ መሀል ድንኳን ተክሎ ማደር ለብዙዎቻችን ወላጆችና አያቶች ቀልድ ይመስላል። ልጆቻችሁ አሜሪካ ያሉ አንባቢያን ግን ለጥየቃ በሄዳችሁበት አንድ ዓርብ ማታ «እማዬ፣ ነገ ካምፒንግ እንሄዳለን፤ አንቺም ትመጫለሽ» መባላችሁ አይቀርም። እኔ ተብያለሁ። ሁለት ሌሊት አድሬም ተመልሻለሁ።

የሄድነው ጆሹዋ ትሪ ወደሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ልጄ ከምትኖርበት ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እኛን ግን አራት ሰዓት ወስዶብናል። መጀመሪያ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማው በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈር ቆመን እንጀራ ገዛን። ከዚያ የልጅ ልጄ የስድስት ዓመቱ ጎረምሳ ሽንት ቤት አለ። ከዚያ ሽሮ ሽንት ቤት አለ።

ሽሮ የውሻው ስም ነው። ቀለሙ የሽሮ ዱቄት ስለሚመስል ነው አሉኝ። ቺዋዋ የሚባለው ዝርያ ሲሆን ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ይህም ደኅና ከሚባል ዶሮ አይበልጥም። ሌላዋ ቡና ትባላለች፤ ቺዋዋ ከምን እንደተቀላቀለ ያልታወቀ፣ አራት ኪሎ የምትሆን ጥቁር ቡናማ ውሻ ናት። የዝርያው ስም የመጣው ከሰሜን ሜክሲኮዋ የቺዋዋ ግዛት ነው፤ ግዛቲቱም ሰፊ በረሃ አላት። የበረሃ ስም ይዞ በረሃ የማይችል ውሻ ማየት ግን ይገርማል። ለአንድ ሌሊት ብርድ ሹራብ፣ ለቀን ፀሐይ ጥላ፣ ለድንጋዩ ጫማ፣ ለመኪናው ትራስ ተይዞላቸዋል። እኔ የያዝኩት አንድ ጋቢ ነው።

ፓርኩ ስፋቱ 3,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ፣ በ1994 ደግሞ ወደ ብሔራዊ ፓርክነት አድጓል። ሁለት በረሃዎች ይገናኙበታል። ከፍ ያለውና ቀዝቀዝ የሚለው ሞሃቪ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚጋየው ደግሞ የኮሎራዶ በረሃ ይባላል። ስሙን የሰጠው ዛፍ የሚበቅለው በከፍተኛው በኩል ነው። ልጆቹ «ጆሹዋ ትሪ» ሲሉ እኔ ምንም አልመጣልኝም ነበር፤ አማቼ «እማማ፣ ጆሹዋ ማለት እኮ ኢያሱ ነው» ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደዚህ የመጡ የሞርሞን ሰፋሪዎች ቅርንጫፎቹን ሲያዩ እጁን ወደ ላይ የዘረጋውን ኢያሱን አስታወሷቸው፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። እውነትም ከሩቅ ሲያዩት ሰው ይመስላል። ከቅርብ ግን የእኛን ቁልቋልና የሬት ተክል አጋብተው የወለዱት ዓይነት ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጩቤ ይዋጋል። እንደ ሌላ ዛፍ ግንዱ ውስጥ የዓመት ቀለበት ስለሌለው ዕድሜውን ቆጥሮ መናገር አይቻልም። የሚያራባውም አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ናት። ከአበባ አበባ ዱቄቱን በአፏ ሰብስባ ታደርሳለች፣ እዚያው እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿ ከፍሬው ጥቂቱን ይበላሉ፣ የቀረው ይበቅላል። እሷ ከጠፋች ዛፉም ዘር የለውም።

የሰፈርንበት ቦታ ጃምቦ ሮክስ ይባላል፤ 124 የድንኳን ቦታዎች በትልልቅ ድንጋዮች መሀል ተበትነዋል። ድንጋዮቹ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት በምድር ሆድ ውስጥ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት ናቸው፤ አፈሩ ታጥቦ ሲሄድ ብቅ አሉ። ቤት የሚያህል ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተደርድሯል። ጠረጴዛ አለ፣ እሳት ማንደጃ አለ፣ ጉድጓድ መጸዳጃ አለ። ውኃ የለም። የቧንቧ ጠብታ የለም። ከቤት የመጣውን ውኃ ስናወርድ ለሰው በቀን አራት ሊትር ታስቦ፣ ለውሾቹም የራሳቸው ጀሪካን ነበራቸው። የበረሃውን ውኃ እናገኛለን ብሎ የሚመጣ የለም፤ ስልክም በአብዛኛው ቦታ አይሠራም። አያቶች ልብ በሉ፤ የደም ግፊት መድኃኒታችሁን ቤት ረስታችሁ «አምጡልኝ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ድንኳኑ ሳይተከል ልጄ የውሾቹን ሕግ ነገረችን። ከሕጉ የፓርኩም የእሷም አለበት። የፓርኩ ይህ ነው፦ ውሻ ሁልጊዜ በገመድ መታሰር አለበት፣ ገመዱም ከአንድ ሜትር ከሰማንያ መብለጥ የለበትም። ከመኪና መንገድ፣ ከሽርሽር ቦታና ከድንኳን ሰፈር 30 ሜትር ርቆ መሄድ አይችልም። በእግረኛ መንገዶች ላይ መግባት ክልክል ነው። ብቻውን አስሮ ትቶ መሄድም ክልክል ነው። ይህን ስሰማ «ታዲያ ለምን አመጣችኋቸው?» ማለቴ አልቀረም። ውሻ በረሃ ወስዶ በረሃ እንዳይገባ መከልከል ድግስ ጠርቶ በር ላይ እንደ ማስቆም ነው።

ምክንያቱን ግን ባሌ የሄደ ሰው አያጣውም። የእኛ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ካመናመኑት ነገሮች አንዱ ከእረኛ ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለዚህ ነው ባሌ ተራሮች ላይ ቀበሮውን ለማዳን የገበሬውን ውሻ የሚከትቡት። ጆሹዋ ትሪ ውስጥም ቢሆን ውሻ በሽታ ይዞ ሊገባ፣ ይዞም ሊወጣ ይችላል። ጠረኑ ብቻ እንኳ ጥንቸሉንና ዔሊውን ከጉድጓዱ ያባርረዋል። ሕጉን ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩትም።

የልጄ የራሷ ሕግ ደግሞ ስለ ምግብ ነው። እኔ የልጆቹን እንጀራ ሳጎርስ ለሽሮም በዚያው ትንሽ ወጥ የነካ ቁራሽ ልሰጠው ስል እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው!» ለካ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለትልቅ ውሻ ትንሽ ቁራሽ ላይጎዳው ይችል ይሆናል፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ለሆነ ፍጡር ግን ያው ቁራሽ ብዙ ነው። ወይንና ዘቢብም እንደዚሁ፤ ቸኮሌትም። ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ሌላ ምንድን ነው? የውሻ ስሙ ሽሮ ሆኖ ሽሮ የማይቀምስ መሆኑ እስካሁን ያስቀኛል። ልጆች ላሏቸው ቤቶች ይህን ደግሜ የምለው፣ ውሻውን የሚያጎርሰው ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ስለሆነ ነው።

ሚያዝያ ነበር። በጸደይ ቀኑ 29 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ወደ 10 ይወርዳል። በጋው ቀን ከ38 ይበልጣል፣ ክረምቱ ሌሊት ውኃ ያግራል፤ ስለዚህ ሰው የሚመርጠው ጸደይንና መፀውን ነው። 29 ዲግሪ ለድሬዳዋ ሰው ምንም አይደለም። ለትንሽ ውሻ ግን ሌላ ነው። ውሻ እንደ እኛ በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ቺዋዋ ደግሞ ሆዱ ከመሬት አንድ ጣት ወይም ሁለት ጣት ከፍ ቢል ነው፤ እኛ አናታችን ላይ የምንሰማውን ፀሐይ እሱ ከታች ከጋለው አሸዋ ይቀበለዋል። የልጅ ልጄ፣ የአሥር ዓመቷ፣ የእጇን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጋ እስከ ሰባት ልትቆጥር ጀመረች። አምስት ላይ አነሳች። «አይሄዱም» አለች። ቡናን በአንድ ክንዷ፣ ሽሮን በሌላው ታቅፋ እስከ ጥላው አደረሰቻቸው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሁለቱም እርጥብ ፎጣ ላይ ተኝተው፣ እኔም አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልን። ሌሎቹ ድንጋይ ሊወጡ ሲሄዱ አንድ ሰው ከውሾቹ ጋር መቅረት ስላለበት ነው። መኪና ውስጥ ዘግቶ መተው የማይታሰብ ነው፤ መስኮት በተዘጋበት መኪና ውስጥ ያ አየር በደቂቃዎች እንደ ምድጃ ይሆናል።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የውሻ ጠባቂ ሆንኩ። ልጅ እያለሁ እናቴ ቤት የነበረው ውሻ ጠባቂያችን ነበር፤ ጥጃ የሚያህል፣ ጅብ የሚፈራው። ሌሊት ሲጮህ አባቴ ሳይነሳ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ጅብ ነው» ወይም «ሰው ነው» ይል ነበር። እነዚህ ግን እንሽላሊት ሲያዩ ጭኔ ላይ ወጥተው ይንቀጠቀጣሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው ሽሮ እሾህ ላይ የወጣው። የዚህ በረሃ ቾያ የሚባል ቁልቋል አለ። እዚህ አገር ሰዎች «ዘላዩ» ይሉታል፤ በእርግጥ አይዘልም፤ ክፍሎቹ በቀላሉ ስለሚገነጠሉ ጫፉ ልብስ ወይም ፀጉር ሲነካው ተገንጥሎ አብሮ ይሄዳል። እሾሁ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ መግባት ይወዳል፣ መውጣት አይወድም። ነፋስ ያመጣው አንድ ጉማጅ መሬት ላይ ወድቆ ነበርና የሽሮ የፊት እግር ላይ ተሰካ። የጮኸው ጩኸት ከአካሉ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ የባሰው፣ ውሻ የሚያመውን በአፉ ለማውጣት ይሞክራል፤ አፉን ሲያስጠጋ እሾሁ ምላሱ ላይ ሊገባ ነው። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ ጭንቅላቱን በፎጣ ጠቀለለችና «እማማ፣ ሚዶ!» አለችኝ። የፀጉር ማበጠሪያ ማለቷ ነው። በእጅ ከነኩት ወደ እጅ ይዛወራልና በማበጠሪያው ጥርስ ጉማጁን ከሥሩ ያዝ አድርጌ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ወረወርኩት። ተነቀለ። የቀሩትን ስድስት እሾሆች ግን አንድ በአንድ በወረንጦ ነው ያወጣናቸው። እሷ ያዘችው፣ እኔ ነቀልኩ። በአንገቴ ላይ የማሥረው የእናቴ ወረንጦ ከገጠር እስከ ካሊፎርኒያ በረሃ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ልጅቷ የብረቱን ቅርጽ አገላብጣ አየችና ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ወ-ረን-ጦ» እያለች ሦስት ጊዜ ደገመችው። ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር፤ በአማርኛ ሳትጠየቅ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ያ ነው።

ማታ ሙቀቱ እንደ መብራት ጠፋ። የበረሃ አየር ደረቅ ስለሆነ ፀሐይ ስትገባ ሙቀቱን የሚይዘው ነገር የለም። እንጨት ከፓርኩ መልቀም ስለማይፈቀድ ገዝተን ያመጣነውን አነደድን፤ ልጄ በጋዝ ምድጃ ላይ ጀበና ጣደች። ከዚያ ሰማዩ መጣ። ፓርኩ በ2017 እ.ኤ.አ. ከብርሃን የተጠበቀ የጨለማ ሰማይ ሥፍራ ተብሎ ዓለም አቀፍ ዕውቅና አግኝቷል። ፍኖተ ሐሊብን እንደዚያ ያየሁት ከልጅነቴ ወዲህ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አልነበረም። ትንሹ ልጅ «እማማ፣ ያ ደመና ነው?» አለኝ። ሎስ አንጀለስ ተወልዶ እንዴት ያውቀው?

ሌሊት ላይ ኮዮቴዎች ጮኹ። ኮዮቴ የቀበሮ ዘመድ ነው፤ መጠኑ ከገጠር ውሻ አይበልጥም፤ ሲጮህ ግን ሦስቱ ሠላሳ ይመስላሉ። ጥንቸል ይበላል፣ አይጥ ይበላል፣ ካገኘም ትንሽ ውሻ ይበላል። ጉጉትም እንደዚሁ፤ እዚያ ያለው ትልቁ ባለቀንድ ጉጉት ሁለት ኪሎ ለሚሆን ፍጡር አደገኛ ነው። ለዚህ ነው ውሾቹ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩት። ሽሮ ሹራቡን ለብሶ ከእኔ ጋቢ ሥር ገባ። ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፤ እየተንቀጠቀጠ መጣ፣ እኔም አላባረርኩትም። ወንድሞቼ ቢያዩኝ ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ።

ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ቡና ለሽንት ነቃች። ልጅቷ ገመዷን ይዛ ስትወጣ እኔም ባትሪ ይዤ ተከተልኳት። ከድንኳኑ አሥር እርምጃ እንኳ አልሄድንም። ባትሪውን ወደ ድንጋዩ ሳዞር ሁለት ዓይኖች አበሩ። ቆሟል። ከእኛ ያለው ርቀት ሃያ ሜትር ቢሆን ነው። ቡና አልጮኸችም፤ ከእግራችን ሥር ተለጠፈች። ልጅቷ ልትሮጥ ስትል ትከሻዋን ያዝኳት። «እንዳትሮጪ። ውሻዋን አንሺ» አልኳት። አነሳቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ድስትና ክዳኑን አንስቼ እንደ ቃጭል ደጋግሜ መታሁት፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌ እናቴ ጅብን የምትሰድብበትን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። ለኮዮቴ የሚመከረውም ያው ነው፦ አለመሮጥ፣ ረዝሞ መቆም፣ መጮህ፣ ትንሹን ውሻ ታቅፎ ማንሳት። ኮዮቴው ትንሽ ቆየ፤ ዘወር አለ፤ ሳይቸኩል ሄደ። አጠገባችን የሰፈሩ ሰዎች ባትሪ እያበሩ ወጡ። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጸጥታ የሚጠበቅበት ሰዓት ነውና አማቼ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀልኝ። አንዷ ሴትዮ የራሷን ትንሽ ውሻ ታቅፋ መጥታ አመሰገነችኝ።

ልጅቷ ድንኳን ከገባን በኋላ «አያቴ እናትሽ ጅብ ታውቅ ነበር?» አለችኝ፤ አማርኛዋ ትንሽ ተጠማዝዛ። እስኪነጋ ስለ ጅብ አወራን። ቡና እንቅልፍ ወሰዳት። ልጅቷ ግን አልተኛችም።

በማግሥቱ ኪስ ቪው ወደሚባለው ከፍታ ሄድን፤ 1,580 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የእግር መንገዱ አጭር ቢሆንም ውሻ አይገባበትምና ተፈራርቀን ወጣን። ከላይ ሲታይ ሸለቆው ከታች ተዘርግቷል፤ ሩቅ ላይ ሳልተን ሲ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ ያንጸባርቃል፤ ከባሕር ወለል በታች 70 ሜትር ያህል ነው። ሸለቆውን የሚያቋርጠው ሳን አንድሪያስ የተባለው የመሬት ስንጥቅ ነው፤ ሁለት የምድር ቅርፊቶች ጎን ለጎን የሚንሸራተቱበት፣ ካሊፎርኒያን 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚከፍል። የአፋርን ዳናክልን ያየ ሰው ወዲያው ያስታውሰዋል። እዚያም ከባሕር በታች ወርደው ጨው ያገኛሉ፤ ልዩነቱ እኛ ጋ ምድሪቱ አትንሸራተትም፣ ትለያያለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቃለች። ይህን ለልጅቷ ስነግራት «እዚያም ካምፕ ይደረጋል?» አለች። አፋሮች በዚያ ምድር እንደሚኖሩ፣ ካምፕ ሳይሆን ቤታቸው እንደሆነ ነገርኳት።

ልትሄዱ ላሰባችሁ ከዚህ በላይ የምለው ጥቂት ነው። ጫማ ጠዋት ሲጫማ መጀመሪያ ይራገፍ፤ ጊንጥ ይገባበታል። ጅራቱን የሚያንሻካሽክ እባብ በሚያዝያ ከጉድጓዱ ይወጣልና ልጅም ውሻም እጁን ወይም አፍንጫውን ድንጋይ ሥር አያስገባ። ውሻው ከጉዞው በፊት የእብድ ውሻ ክትባቱ ይታይ። ያረጀ ወይም አፍንጫው የተደፈጠጠ ውሻ ከሆነ ቤት ቢቀር ይሻላል፤ ትንፋሹ ለሙቀት አይበቃም። የውሻው ቆሻሻ በላስቲክ ተለቅሞ ይወጣል፤ ይህን ሥራ ለስድስት ዓመቱ ልጅ ሰጥተነው በየቦታው ሲያውጅ ነበር።

ስንነሳ አማቼ መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ተንበርክኮ ከሥሩ አየ። የበረሃ ዔሊ ጥላ ፍለጋ ጎማ ሥር ይገባል። ካገኙትም አንስቶ ማዛወር አይገባም፤ ሲደነግጥ በፊኛው ያጠራቀመውን ውኃ ይለቃል፣ በደረቅ ዓመት ያ ውኃ ሕይወቱ ነው። ምንም አልነበረም። ውሾቹ ሎስ አንጀለስ እስክንደርስ ተኙ። ቤት ስንገባ ልጅቷ የሁለቱንም መዳፍ በማበጠሪያ ደጋግማ ፈተሸችና ከሽሮ የኋላ ጣት መሀል አንድ የቀረ እሾህ አገኘች። «እማማ፣ ወረንጦ!» ብላ ጠራችኝ።